የአዲስ አበባ ብርድ ቲነርን አያበርድም

ሰሞኑን በመርካቶ ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ የእሳት አደጋ ነገር ሲነሳ፣ አንድ ተናጋሪ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ቲነር (ቀለም ማቅጠኛው) የቤንዚንን ያህል አያሰጋም፣ ሱቁ በሩን ከፍቶ አንድ የእሳት ማጥፊያ ከሰቀለ ይበቃዋል አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ሰው የሚያስፈጅ አነጋገር ነው፤ በዝምታ አይታለፍም።

ብርዱ ምን ሊያደርግ? ቀለም ቤቶች ከሚቸረችሩት ቲነር ብዙው ቶሉይን የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ አለበት። ቶሉይን በባሕር ጠለል ላይ ገና በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል። የአየር ግፊት ሲቀንስ ይህ ልክ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ዜሮ ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የኅዳር ውርጭ እንኳ ሱቅ ውስጥ እዚያ አይደርስም። ከፍታችን አደጋውን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ከቤንዚን ጋር ማነጻጸሩ ደግሞ የባሰ ነው። ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በተዘጋ የቤንዚን በርሜል ውስጥ ተኑ ከመጠን በላይ ስለሚበዛ የሚያቃጥለው አየር ያጥረዋል። ቶሉይን በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በእኛ ከፍታ፣ በርሜሉ ውስጥ ካለው አየር 4 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የሚፈነዳው ከ1.1 እስከ 7.1 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። በቀጥታ መሐሉ ላይ ተቀምጧል! «ባዶ ነው» ተብሎ ወደ መርካቶው የአሮጌ ብረት ገበያ፣ ወደ ምናለሽ ተራ የሚሄደው በርሜል ሥሩ ላይ አንድ ብርጭቆ ከቀረበት፣ ግራይንደር ወይም ብየዳ ሲነካው ክዳኑን አስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ሰው ሙሉውን በርሜል ይፈራል፤ ባዶው ላይ ግን ይቀመጣል።

የተከፈተ በርስ? የፈሰሰ አንድ ሊትር ቶሉይን ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 300 ሊትር ተን ይሆናል፤ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነችን ሱቅ ወደሚቃጠልበት ልክ ለማድረስ ይበቃል። ተኑ ከአየር ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ በዚያው በር ይወጣና የጎረቤቷን የቡና ከሰል ያገኛል። እሳቱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል።

ከ200 ሊትር በርሜል ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን መገልበጥ ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። ቶሉይን ሲፈስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ፕላስቲኩ አያስወጣውም። ተኑን ለመለኮስ 0.24 ሚሊጁል የምትሆን ኢምንት ጉልበት ትበቃለች፤ በደረቅ በጋ ናይለን ጃኬት ከለበሰ ሰው ጣት የሚወጣው ብልጭታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መቅዳት ግድ ከሆነ መቀበያው ብረት ይሁን። ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት በታየበት ቦታ በርሜሉና መቀበያው በመዳብ ሽቦ ይያያዙ፤ በርሜሉ ደግሞ ከመሬት ጋር። ሽቦው ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ይታሰር፣ ከተዘጋ በኋላ ይፈታ። የብረቱ ቧንቧ እስከ መቀበያው ሥር ይግባ፤ ከላይ አይንዠቅዠቅ፣ ቀስ ብሎ ይፍሰስ። ውኃ አይደፋበት፤ ቶሉይን ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ በቦዩ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይወርዳል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዱቄት ማጥፊያ ለተደፋ ባልዲ ይሆናል፤ ለሚነድ በርሜል አይሆንም፤ ነበልባሉን ቢመታውም የጋለው ብረት መልሶ ይለኩሰዋል።

ስለዚህ መርካቶ ውስጥ ቲነር ከበርሜል እየቀዱ መቸርቸር ይከልከል። ከፋብሪካ በታሸገ የብረት ቆርቆሮ ብቻ ይሸጥ፤ በርሜሎቹም ሰው ከሚያድርባቸውና ቡና ከሚፈላባቸው ሱቆች ዛሬውኑ ይውጡ።