ቅዳሜያችንን መልሱልን!

በቃ፣ ዛሬ ሳልናገረው አላድርም። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ግድ የማይሰጣችሁ እለፉት፣ አልቀየምም። ግድ የሚሰጣችሁ ግን፣ በተለይ ሲያትልና ፖርትላንድ አካባቢ ያላችሁ፣ ቁጭ በሉና አብረን እንብገን።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ይሰባሰባሉ። እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ይካፈላሉ። ድሮ የሚሰበሰቡት በጉርብትና ነበር። በአውቶቡስ ወይ በባቡር ሄደው፣ ተጫውተው፣ ተሰዳድበው ይመለሳሉ። የምዕራቡ ጠረፍ ማኅበር ሥሩ ከ1915 ይመዘዛል። ፖርትላንድ ውስጥ በአራት ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። እየሰፋ መጥቶ በ2011 አሥራ ሁለት ሞላና ፓክ-12 ተባለ። አባላቱ በሁሉም የስፖርት ዓይነት ከ500 በላይ ብሔራዊ ዋንጫ የሰበሰቡ ናቸው። ቀልድ አይደለም።

ይኼ ሁሉ በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ብን አለ።

መጀመሪያ የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ጁን 30 ቀን 2022፣ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ቢግ ቴን የነሚቺጋን፣ የነኦሃዮ፣ የነኢሊኖይ ሰፈር ነው። የሎስ አንጀለስ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? ምንም። ገንዘቡ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ተፈራረመ።

የቀሩት አሥሩ አንለያይም ሲሉ ከረሙ። ከዚያ ጁላይ 2023 ኮሎራዶ ወደ ቀድሞ ቤቷ ወደ ቢግ 12 ተመለሰች። ኦገስት 4 ዓርብ ነበር። ጠዋት ላይ ዘጠኙ የቀሩት ከአፕል ጋር የተያዘውን የቴሌቪዥን ውል ያጸድቃሉ እየተባለ ሲጠበቅ፣ በዚያው ቀን አምስቱ ወጡ። ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12። ሴፕቴምበር 1 ደግሞ ስታንፎርድና በርክሌይ ወደ ኤሲሲ። ኤሲሲ እኮ የአትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር ነው! ያውም ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ከዋናው የቴሌቪዥን ድርሻ 30 በመቶውን ብቻ ለመውሰድ ተስማምተው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉት ይኼ ነው።

ሁለት ቀሩ። ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት። ማንም አልጠራቸውም።

አንዳንዱ «ገበያ ነው፣ ምን ይደረግ» ይለኛል። ገበያ ብቻ አይደለም። የፓክ-12 አለቆችም እጃቸው አለበት። በ2012 የራሳቸውን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈቱ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ጣቢያዎችን በሳተላይት ለየቤቱ ከሚያደርሰው ከዳይረክቲቪ ጋር መስማማት አቃታቸው። ዛሬ ይስማማሉ ነገ ይስማማሉ ስንል ጣቢያው በ2024 ተዘጋ። ስንቱ ደጋፊ የገዛ ቡድኑን ለማየት ቅዳሜ ማታ ከቡና ቤት ቡና ቤት ሲንከራተት ኖረ። ዋናው መሥሪያ ቤት ኪራይ ቆዳ በሚገፍበት ሳን ፍራንሲስኮ ነበር። የዚያን ጊዜው ዋና ኃላፊ ደመወዝ በዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ የኬብል ድርጅቱ ኮምካስት ለጣቢያው ለዓመታት ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ ክፍያ ሲፈጽም እንደነበር ታወቀ። ይኼን እያወቁ አልተናገሩም የተባሉ ሁለት ኃላፊዎች ተባረሩ። እንግዲህ ይኼ ቤት ነው በአንድ ዓርብ ፈረሰ የሚባለው? ድሮ ነበር ምስጥ የበላው።

ግን ከሁሉ ያናደደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። አሥሩ ለመውጣት ወስነው ካበቁ በኋላ፣ ቦርዱ ላይ ድምፅ ይኑረን አሉ። ከእድር ወጥቻለሁ ብሎ ያስታወቀ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝቶ፣ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ቁጠሩና አካፍሉኝ ብሎ እጁን ሲያወጣ አስቡት። የትኛው የእድር ዳኛ ነው የሚሰማው? የዊትማን ካውንቲ ዳኛም አልሰማቸውም። ኖቬምበር 2023 ቦርዱን ለሁለቱ ወሰነ። ዲሴምበር ላይ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አልቀበልም አለ። የዚያን ቀን እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

አዎ፣ ወገንተኛ ነኝ። የፑልማኑ ቡድን፣ የዋሽንግተን ስቴት ደጋፊ ነኝ። ሲያትል ተቀምጦ ይኼን ማለት ቀላል አይደለም። እዚህ አበሻው ሁሉ ልጁን ዩደብ፣ ማለትም እዚሁ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ለማስገባት ነው የሚሯሯጠው። ግን አንድ ጊዜ ፑልማን ሂዱ። ከሲያትል ተራራውን አልፎ ወደ ምሥራቅ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጨረሻ ላይ ማለቂያ የሌለው የስንዴ ኮረብታ ይጀምራል። ፓሉስ ይሉታል። ስንዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምስርም ይመረትበታል። ከተማዋ በየዓመቱ ኦገስት የምስር ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ለኛ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? ስታዲየሙ ወደ 33 ሺህ ሰው ይይዛል፣ የከተማዋ ሕዝብም ያንኑ ያህል ነው። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ አልጋ አይገኝም፣ ምግብ ቤት ወረፋ ነው። ይቺ ከተማ ከዋናው ሊግ ወጣች ማለት የስፖርት ዜና ብቻ አይደለም። የሆቴሏም፣ የነዳጅ ማደያዋም፣ የተማሪ አስተናጋጆቿም ጉዳይ ነው።

ደጋፊዎቿን ደግሞ እዩልኝ። ከ2003 ጀምሮ የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን በየቅዳሜው በሚያሰራጨው የጠዋት የፉትቦል (የአሜሪካኖቹ፣ በእጅ የሚያዘው) ዝግጅት ላይ፣ ዝግጅቱ የትም አገር ይሁን የት፣ የዋሽንግተን ስቴት ባንዲራ ከሕዝቡ ጀርባ ይውለበለባል። ፍሎሪዳም ቢሆን አንዱ ደጋፊ ተቀብሎ ያውለበልበዋል። እንዲህ ዓይነት ደጋፊ ያለውን ቡድን ነው «የቴሌቪዥን ገበያችሁ ትንሽ ነው» ብለው የጣሉት።

ከዚያ መበተን ነው። የኦሪገን ስቴት አሠልጣኝ እዚያው ትምህርት ቤት ተጫውቶ ያደገ ልጃቸው ነበር። ኖቬምበር 2023 ወደ ሚቺጋን ስቴት ሄደ። የኛው ተጫዋች ካም ዋርድ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ2025 ከአገሩ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ፣ ተመረጠ። ልጁን አልወቅሰውም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ተበዳይ ነን። አሁን ወደማይመቸው ልግባ፣ ምክንያቱም የኛን ወገን ብቻ እያለቀሱ መጻፍ ደስ አይለኝም።

የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የኤንሲደብልኤ (NCAA) ሕግ ለአንድ ኮንፈረንስ ቢያንስ ስምንት አባል ይላል። ሁለት ብቻ ለቀሩት የሁለት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ተሰጠ። በ2024 የሚጫወቱት ሲያጡ ጎረቤታቸው ማውንቴን ዌስት የሚባለው ኮንፈረንስ ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ጨዋታ ሰጣቸው። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ነበረ፦ ከኛ አባል ከወሰዳችሁ ትቀጣላችሁ። ለመጀመሪያው ቡድን 10 ሚሊዮን፣ ከዚያ በኋላ ለሚወሰደው ለእያንዳንዱ እየጨመረ የሚሄድ። ፈረሙ።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2024፣ በዚያው ጨዋታ በተሰጣቸው ዓመት፣ ቦይዚ ስቴትን፣ ሳን ዲየጎ ስቴትን፣ ፍሬስኖ ስቴትንና ኮሎራዶ ስቴትን ወሰዱ። ከደቡብና ከምሥራቅ ሜምፊስንና ቱሌንን ቢያባብሉ እምቢ ተባሉ። ዩታ ስቴት ተጨመረች። ቅጣቱ 55 ሚሊዮን ሲደርስ ምን አደረጉ? ፍርድ ቤት ሄዱ። አንቀጹ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ፈርማችሁ እኮ ነበር! ሕጋዊ ክርክሩን ለጠበቃ እተወዋለሁ። ግን ከዓመት በፊት ጎረቤት ከዳን ብሎ ሲያነባ የነበረ ሰው፣ ያስጠለለውን ጎረቤት ቤት ሲያራቁት ምን ይባላል? የፑልማን ደጋፊ ሆኜ እንኳ ፊቴን የት ልደብቀው።

በእርግጥ ማውንቴን ዌስትም ከሰማይ አልወረደም። በ1999 ሥራ የጀመረው ስምንት ትምህርት ቤቶች ዋክ ከሚባለው ኮንፈረንስ ተገንጥለው ነው። አሁን ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ዩቴፕን ከቴክሳስ አመጣ፣ ለፉትቦል ብቻ ኖርዘርን ኢሊኖይን ጨመረ። ኖርዘርን ኢሊኖይ ያለችው ከቺካጎ ወጣ ብሎ በቆሎ እርሻ መሃል ነው። ተራራ ፈልጋችሁ አታገኙም። ማውንቴን ዌስት የወሰደባቸውም በተራቸው ከሌላ ሊወስዱ ነው። ታች ድረስ እንዲህ ነው የሚወርደው። መጨረሻ ላይ ያለው ትንሽ ኮሌጅ ከማን ይውሰድ?

ከአዲሶቹ የፓክ-12 አባላት ጎንዛጋ ብቻ ናት ደስ ያለችኝ። ፉትቦል የላትም፣ ግን ቅርጫት ኳስ ላይ ማን እንደሷ። ያለችው ስፖኬን ነው፣ ከፑልማን በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጉርብትና ማለት ይኼ ነው። ስምንተኛዋ የፉትቦል አባል ግን የተገኘችው ጁን 30 ቀን 2025 ነው። ቴክሳስ ስቴት፣ ሳን ማርኮስ ቴክሳስ። ከፑልማን ሳን ማርኮስ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው። አዲሶቹ የሚገቡት ጁላይ 1 ቀን 2026 ስለሆነ ልክ ቀኑ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው ቁጥሩ የሞላው።

ይኼን ሁሉ የሚወስነው ፉትቦል ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላው ልጅ ነው። የእህቴ ልጅ ከነዚህ ከሄዱት በአንዱ መረብ ኳስ ትጫወታለች። ስሙን አልጠራም፣ ልጅቷን አታስጠምዱብኝ። ድሮ ቢሆን ሩቁ ጉዞዋ አሪዞና ነበር። አሁን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ትሄዳለች። ሌሊት 9 ሰዓት ገብታ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ክፍል ትገባለች። አንድ ፈተናዋን ሆቴል ሎቢ ውስጥ፣ የቡድኑ ሠራተኛ አጠገቧ ተቀምጦ እየጠበቃት ነው የተፈተነችው። እናቷ በሶና ዳቦ ቆሎ እየቋጠረች ትልካታለች። «አጎቴ፣ ኤርፖርት ወለል ላይ መተኛት ለምጃለሁ» ትለኛለች እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የሷ ጨዋታ ለቴሌቪዥኑ ውል ስንት ሳንቲም ጨመረ? በዚያ ላይ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ ለስፖርተኞች መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፣ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ አብዛኛው የት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም።

መፍትሔ የለም እንዳትሉኝ። ኖትር ዳምን እዩ። ፉትቦሉ ራሱን ችሎ ከኤንቢሲ ጋር የራሱ ውል አለው፣ ሌሎቹ ስፖርቶቹ አብዛኞቹ ከ2013 ጀምሮ ኤሲሲ ውስጥ ናቸው። የኛው ያሬድ ንጉሤ በ2019 የ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሲሆን የለበሰው የኖትር ዳምን ማሊያ ነበር። ከዚያ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ነሐሱን ወሰደ። ማለትም ፉትቦሉን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ ማድረግ ይቻላል፣ ተደርጓልም። ፉትቦል በአውሮፕላን ኒው ጀርሲ ይሂድ፣ ገንዘቡን ያምጣ። መረብ ኳሷ፣ ሯጩ፣ ዋናተኛው ከሰፈራቸው ጋር ይጫወቱ። ይኼን ለማሰብ ፕሬዚዳንት መሆን ያስፈልጋል?

እሺ፣ የራሴን ብሶት ልጨርስ። የቢግ ቴን ጨዋታ ምሥራቅ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ሲጀመር ሲያትል ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ዩደብ ደጋፊ ጓደኞቼ ቅዳሜ ቡናው ሳይፈላ ፉትቦል ያያሉ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ። እኔ ደግሞ ቡድኔን ፍለጋ ከሲቢኤስ ወደ ሲደብልዩ፣ ከሲደብልዩ ወደ ዩኤስኤ ኔትወርክ ስገለባብጥ አንደኛው ሩብ ያልቃል። የቤቴ ሰዎች ሪሞቱን መደበቅ ጀምረዋል። የዘንድሮውን ፕሮግራም ከነቻናሉ በአንድ ገጽ የያዛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በቴሌግራም ወርውሩልኝ።