ከቤተ መንግሥት ወደ ፓርላማ መግባት «መውረድ» ነው ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ከቤተ መንግሥት ከወጡ በኋላ በ1997ቱ ምርጫ ፓርላማ መግባታቸው እንደ መውረድ ተቆጠረ። «ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አርፈው ተቀምጠው ጡረታቸውን ቢበሉ ክብራቸው አይጎድልም ነበር፤ ፓርላማ ገብተውስ ምን ፈየዱ?» ተባለ። አወያዩም ራሱን ነቅንቆ አለፈው።

ከቀላሉ እንጀምር። «ምን ፈየዱ» የሚል ሰው የ1997ቱን ጉድ ወይ ረስቶታል ወይ እንዲረሳ ይፈልጋል። ተሰናባቹ ምክር ቤት ሊበተን ሲል ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ማስያዝ ይቻል ነበር፤ ደንቡ ሲለወጥ ግን 51 በመቶ ሆነ። 547 መቀመጫ ባለበት ቤት ይህ 279 ሰው ነው። ከወለጋዋ ደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድሮ የገባ አንድ ሰው ቀሪውን 278 ከየት ያምጣ? በወቅቱ ገዢ ፓርቲ ከነበረው ከኢሕአዴግ ወንበር?

የሚያናድደው ግን የጥቅማ ጥቅሙ ወሬ ነው፤ ለፓርላማ በመወዳደራቸው ለተሰናባች ፕሬዚዳንት የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም ተከልክለዋል። «ሕጉ ነው የከለከላቸው» ይሉናል። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 255/1994 ነው፤ እሳቸው ከቤተ መንግሥት በወጡበት ሰሞን የወጣ። የፌዴራሉ መንግሥት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እሳቸው ስለነበሩ፣ በዚያን ጊዜ «ተሰናባች ፕሬዚዳንት» የሚባል ሰው በአገሩ አንድ ብቻ ነበር። ይህ ሕግ ነው ወይስ በአንድ ሰው ቁመት ተለክቶ የተሰፋ ልብስ? አዋጁ ያዘዘው ከፓርቲ ፖለቲካ መራቅን ነው። ሰውዬው የተወዳደሩት በግል ነው። ፓርቲ የሌለው ሰው ለየትኛው ፓርቲ ወገነ? ደግሞስ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመመረጥ መብት ሲሰጥ «ፕሬዚዳንት ከነበረ በስተቀር» አይልም። ይህን ሕገ መንግሥት ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት የመሩት እኮ ራሳቸው ነጋሶ ናቸው! ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶም አልተፈረደላቸውም፤ ያ ግን የአዋጁን ስፌት አያስተካክለውም።

የሥርዓቱ ሰው ሆነው ስድስት ዓመት ቤተ መንግሥት መቀመጣቸውን የሚክድ የለም። አልፌዋለሁ።

«ወረዱ» የሚለው ቃል ግን አይዋጥልኝም። ወለጋ ውስጥ ያስተማሩ፣ ርዕሰ መምህርም የነበሩ ሰው ናቸው። ፍራንክፈርት ላይ ለዶክትሬት የጻፉት ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1730 ገደማ እስከ 1886 ያለውን። ደምቢ ዶሎ የሰዮ አገር ነው። ታሪኩን የጻፉለት ሕዝብ በድምፁ ሲልካቸው መሄዳቸው በየት በኩል ነው መውረድ የሚሆነው? ለስድስት ዓመቱ ፕሬዚዳንትነት አንድም መራጭ ካርድ አልጣለላቸውም፤ የመረጣቸው ፓርላማው ነበር። ለፓርላማው ወንበር ግን የደምቢ ዶሎ ሰዎች ተሰልፈው መርጠዋቸዋል።

ደግሞ «በታክሲ ሲጋፉ ታዩ» እያሉ የሚያዝኑላቸው አሉ። ታክሲ መሳፈር ውርደት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የአገሩ መምህር ሁሉ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚደርሰው በምን ሆነና!