ለክቡር የክራንክ ፑሌጃ፦ ግልጽ የስንብት ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከሥራ መሰናበትዎን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጩኸትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ አንባቢ ሁሉ እርስዎን ላያውቅ ይችላል። ቢያውቅዎ ነበር የሚገርመኝ። የሚቀመጡት ከፊት ቀኝ ጎማ ጀርባ፣ ፕላስቲክ ተጋርዶልዎት፣ ፀሐይም ሰውም በማያይዎት ቦታ ነው። ስለዚህ ላስተዋውቅዎ። እርስዎ የ2003 (እ.ኤ.አ.) ሚኒ ኩፐር ኤስ የክራንክ ፑሌጃ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር እየዞሩ ቺንጋውን (ቀበቶውን) የሚያዞሩ ክብ ብረት ነዎት። መኪናዋ የተገጣጠመችው እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ነው። ሞተሯ ግን ብራዚል ካምፖ ላርጎ ላይ፣ ክራይስለርና ቢኤምደብሊው በጋራ ባቋቋሙት ፋብሪካ ተሠራ። አሁን የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከብዙዎቻችን በላይ አገር የቀያየረች መኪና ናት።

ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ ነው። 163 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ሱፐርቻርጀር ስላለው ነው፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማለቴ ነው። ይኸ ዕቃ እንደ ተርቦቻርጀር በጭስ ግፊት አይዞርም። ጉልበት የሚለምነው ከእርስዎ ነው። እርስዎ ሲዞሩ ቺንጋው ይዞራል፤ ቺንጋው ሱፐርቻርጀሩን፣ ዲናሞውንና የኤሲውን ኮምፕረሰር ያዞራል። የዚህች መኪና ጉድ ደግሞ የውሃ ፓምፑም ሱፐርቻርጀሩን ተጠግቶ፣ በእሱ ጥርስ መዞሩ ነው። ባጭሩ ቤቱ በሙሉ የእርስዎን እጅ ያያል።

ሲያዩዎት አንድ ወጥ ብረት ይመስላሉ። ውስጡን ለቄስ። እውነቱ ግን ሁለት ነዎት። የመሀሉ ብረት ኮሎው (ክራንክ የሚባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ጥብቅ ብሎ ገብቷል። ቺንጋው የሚሄደው በውጩ ቀለበት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ጎማ አለ። ጎማው ለጌጥ አልተቀመጠም። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 100 ጊዜ ነዳጅ ይፈነዳል። እያንዳንዱ ፍንዳታ ኮሎውን ቅንጣት ታህል ይጠመዝዘዋል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠመዝዘዋል። ይህን ሁሉ እንቅጥቅጥ ውጦ ዝም የሚያሰኘው የእርስዎ ጎማና ቀለበት ነው። የተቀጠሩት ለዚህ ነበር።

ጎማው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሙቀት ጠጥቶ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። የመሀሉ ብረት ይዞራል፤ ቀለበቱ ሲመቸው ይከተለዋል፣ ሳይመቸው ይንሸራተታል። መወላገድም ጨመሩበት። ይህን ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብለው ቀጠሉ።

ዝም አላሉም ለካ። ጮኸዋል። ግን እንዴት አድርገው ነው የጮኹት? ሌላ ሰው የጮኸ አስመስለው! ጠዋት ሞተር ሲነሣ ሲጢጥ ሲጢጥ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ፤ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዱ ቀርቦ «ቺንጋው ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ የዲናሞው ኩሽኔታ ነው፤ የኔም እንዲህ አድርጎ ነበር» ይላል። ሦስተኛው ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት «ድሮም ካምሪ ግዛ ብዬህ ነበር» ብሎ ይሄዳል። (ሦስተኛው ሳይሳሳት አይቀርም ብዬ አልከራከርም። ግን ካምሪ አይቶ ልቡ የደነገጠ ማን አለ?)

ቺንጋው ተቀየረ። እርስዎ ለጥቂት ቀን ጸጥ አሉ። ከዚያ ሲጢጥ። የቺንጋው መወጠሪያ ተጠረጠረና ተቀየረ። ጸጥ አሉ። ከዚያ ሲጢጥ። ምስኪኑ ዲናሞ በዓይነ ቁራኛ ይጠበቅ ጀመር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ቺንጋው ጠርዙ እየተበላ፣ ክሩ እየተመዘዘ የሚያልቀው እኮ እርስዎ እያወላገዱ ስለሚያስኬዱት ነው! እርስዎ ያጠፋሉ፣ ቺንጋው ይባረራል። አዲስ ቺንጋ ይቀጠራል፣ እርስዎ ያጠፋሉ፣ እሱም ይባረራል። እንዲህ ያለ አለቃ የሆነ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ ልል ነበር። የት ያላየሁበት ብል ይቀላል።

ጉድዎን ያወጡት ሙያውን ሶማሌ ተራ ጀምረው እዚህ ያረጁ አንድ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የፊቱን ቀኝ ጎማ አስወልቀው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ በባትሪ አበሩብዎትና አፍታ አዩዎት። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሰክሯል» አሉኝ። ሞተሩን አስጠፉና ከመሀሉ ብረት እስከ ውጩ ቀለበት ድረስ በነጭ ቀለም ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። «በል ዞር ዞር ብለህ ና።» ዞሬ መጣሁ። መስመሩ ለሁለት ተቆርጧል። መሀል ላይ ያለው ወደ ላይ ያያል፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ወደ ጎን። አንድ ጠብታ ቀለም ያን ሁሉ ወር የተደበቀውን አወጣው። ሲጢጥ የምትል አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቺንጋ ከመግዛታችሁ በፊት ቀለም ግዙ።

የፈራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀለበቱ ጨርሶ ቢለቅ መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ መብራት ይበራል። በሌላ መኪና ቢሆን ሰው «እንደምንም ቤቴ ልድረስ» ይላል። በዚህች ላይ ግን የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቆማል። ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ «እንደምንም» ያለ ሰው ሞተሩን አግሎ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ያጣምማል። ዳር ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ስንብትዎን በጨዋ ደንብ ልንፈጽም ነበር። እርስዎ ግን ወንበሩ ላይ ሙጭጭ አሉ። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ተደገፈች፣ የጎማው ጓዳ ፕላስቲክ ወለቀ። የመወጠሪያው ስፕሪንግ ክፉ ነው፤ ለራሱ በተሠራ ረጅም ብረት ተጭነው በፒን ቆለፉት። ቺንጋው ወጣ። የመሀልዎ ቡሎን በአየር መፍቻ እየጮኸ ወጣ። በቃ፣ ተከትለው ይወጣሉ ብለን ስንጠብቅ ንቅንቅ የለም። ኮሎው ላይ የገቡት በግፊት ነዋ፤ ቡሎኑ ማኅተም ብቻ ኖሯል። በዚህ መሀል ከጠዋት ጀምሮ ሲመክረን የዋለ ሰው መዶሻ አቀበለ። (ይኸ ሰው ጋራዥ ሁሉ ውስጥ አለ። ማን እንደጠራው አይታወቅም።) ጋሼ በአክብሮት ተቀበሉትና ከጀርባቸው አስቀመጡት። ኮሎን በመዶሻ መምታት ውስጥ ያሉትን ብሮንዚኖች (ኮሎው የሚዞርባቸውን መቀመጫዎች) መጉዳት ነው። ባለ ሦስት እግር መንቀያ መጣ። ሦስቱ እግሮች የመሀልዎን ብረት ጨበጡ፤ ጋሼ ቀስ እያሉ አጠበቁ፤ ጓ ብለው ወጡ። ጎማዎ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ከጀርባዎ ያለው የዘይት ማገጃ ላስቲክም ማላብ ጀምሮ ነበር። አብሮ ተቀየረ። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ እርስዎን ማውጣት ነው። አንዴ ከወጡ በኋላ እሱን ትቶ መግጠም ለሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ መያዝ ነው።

ለቦታዎ አመልካቾች አልጠፉም። አንደኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ ወጣት ነው፤ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ «ጉልበት እጨምራለሁ» የሚል። ጎማ የለውም። እንቅጥቅጡን ማን ይውጠው ብንለው መልስ አልነበረውም። ኮሎው ይዋጠው ሊል ነው! ሸኘነው። ሁለተኛው ተፈትቶ ውስጡ የሚታደስ፣ እሽቅድምድም የለመደ ጌታ ነው። የሚጠይቀው ደሞዝ ግን የኔን ይበልጣል። የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ በ15 በመቶ አሳንሰው አየር ለሚያስጨምሩ ጎረምሶች ይሁን፤ የኔ መንገድ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቡና ቤት ነው። በመጨረሻ እንደ እርስዎ ያለ፣ ጎማው ግን አዲስ የሆነ ቀጠርን። ሲገባም እርስዎ እንደወጡት ተጎትቶ ሳይሆን በረጅም ቡሎን ቀስ እየተገፋ፣ በሰላም ገባ። ጋሼ ገና ከመጀመሪያው ቀን ነጭ መስመር አሰመሩበት። ይመረው!

የሥራ ልምድ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ይኸው፦ «ፑሌጃው ከ2003 ጀምሮ በሙቀትና በብርድ፣ በበረዶና በጨው መንገድ አገልግለዋል። ከሥራ ገበታቸው ቀርተው አያውቁም፤ ተገኝተው ሳይሠሩ የዋሉበት ጊዜ ግን አለ። ሥነ ምግባር፦ ሁለት ዓይነት።» ክሊራንስዎ አልቋል። የጡረታ ቦታዎ የብረታ ብረት መልሶ ማቅለጫ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን እርስዎ አያስፈልጉንም።

ከሰላምታ ጋር
ባለ መኪናው

ግልባጭ፦
ለቀድሞዎቹ ቺንጋዎች፣ ባሉበት፦ ክሱ መነሣቱን እንዲያውቁት።
ለዲናሞ፦ ምርመራው ስለተቋረጠ ተረጋግተው ሥራዎን ይሥሩ።
ለውሃ ፓምፕ፦ የሚጠጉትን ሰው ይምረጡ።
መዶሻ ላቀበሉን ወንድማችን፦ መዶሻዎ ጋሼ ጋ አለ።
ለባለ ካምሪው ጎረቤቴ፦ አይላክለት።