ከኋላ ለሚቆሙት ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ የከዚራን ዛፎች ጥላ ሳይቀር ባጋለችበት ሰዓት፣ የአንድ ሰዓት ከፍዬ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። የመረጥኩት ኳስ አይደለም፤ አንድ ሰው ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የገዛ ትንፋሹን እየሰማ የሚሄድበት አስፈሪ ጨዋታ ነው። ገና አሥር እርምጃ ሳልሄድ ከጀርባዬ «በሩን እንዳትከፍተው፣ አለ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከፈትኩት። አለ። አልደነገጥኩም።

የዛሬው ምስጋናዬ ለዚህ ድምፅ ነው። ሳንቲም ሳይከፍል፣ ወንበር ሳይዝ፣ ሳይጠሩት ደርሶ ከድንጋጤ ያዳነኝ እርሱ ነውና።

የዋሆቹ ጨዋታ ሠሪዎች ግን ተጫዋቹ በተመስጦ ራሱን እንዲረሳ ስንት ለፉ! እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የጠፈር ጨዋታ የጤና መለኪያውን ከስክሪኑ ጥግ አንሥቶ የባለታሪኩ ልብስ ላይ፣ አከርካሪው መስመር ላይ አበራው፤ ተጫዋቹ ስክሪን ፊት መቀመጡ ትዝ እንዳይለው። በ2020 የመጣው የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ቀስት ሲወጥሩበት ቁልፉ ለጣት ይከብዳል። በ2012 የወጣ ሌላ ጨዋታ ደግሞ ሁለት የማይተዋወቁ ተጫዋቾችን በረሃ ላይ ያገናኝና ንግግር ይከለክላቸዋል፤ የሚጠራሩት በዜማ ድምፅ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ቢከፈት አሸዋው የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይመስል ነበር። ዝምታው ግን በአገራችን አይበቅልም።

ከኋላ ከሚቆሙት ሁሉ የማደንቃቸው አንድ ጎልማሳ አሉ። እርሳቸው ይተረጉማሉ። ጨዋታው የሚናገርበትን ቋንቋ አለማወቃቸው ሥራቸውን አላደናቀፈውም። በዚያ ቀን አጠገቤ ያለው ወጣት የሚጫወተው ጀግና በሞት አፋፍ ያለ አባቱን እጅ ይዞ ያለቅሳል፤ ሙዚቃው ልብ ይነካል። እርሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ብድሩን እየጠየቀው ነው» አሉ። አባትየው ዐይኑን ጨፈነ። «አልከፍልም አለ።» አንዲት አሮጊት ሻማ ይዛ ገባች። «ይቺ ዋሷ ናት።» ጀግናው ሰይፉን ታጥቆ በበረዶ ውስጥ ወደ ተራራው ሲወጣ «ክስ ሊመሠርት ነው» ብለው አረጋጉን። ተራራው ጫፍ ላይ ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ሲያገኘው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ዳኞቹ እነዚህ ናቸው፤ ሦስት ሆነው ነው የሚያስችሉት።» ወጣቱ ዘንዶውን ገደለው። «ይግባኝ ጠየቀ» አሉ። እኔም የራሴን ኮሪደር ትቼ የፍርዱን ውጤት ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። ጥጉ ጋ አንድ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ሳንቲሙን በላብ በራሰ መዳፉ ጨብጦ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቷል። ተራው ደርሶ ሁለት ጊዜ እንደተሸነፈ አንድ ጢሙን ያበቀለ ሰው «አምጣ አቦ፣ ላሳይህ!» ብሎ ጆይስቲኩን ከእጁ ነጠቀው። ልጁ «ጋሼ፣ ሰዓቴ…» አለ። ሰውየው እየሳቀ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ይህ ምክር አይደለም፤ ዘረፋ ነው። ልጁ የከፈለው ለመሸነፍም ነው፤ ሽንፈቱም የራሱ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆመን «መልስለት» ያልን አንድም አልነበርንም፤ እኔንም ጨምሮ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ልጁ ባዶ እጁን ቆሞ ሳለ መብራት ጠፋ። ስክሪኖቹ ሁሉ ጠቆሩ፣ የአየር ማራገቢያውም ቀስ እያለ ቆመ። ውጪው እሳት ስለሆነ ማንም አልተነሣም። በጨለማው ውስጥ ያ የታወቀ ጉሮሮ ተጠረገ።

«አሁን ፍርድ ቤቱ ለምሳ ተነሥቷል» አሉ።

አዳራሹ ፀጥ አለ። ሁላችንም ወንበራችንን ወደ እርሳቸው አዞርን።