ሯጭ ልጅ ይዞ ማርፈድ ምን የሚሉት ነው?

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን በዛ።

እዚህ ሜሪላንድ ፎቶ አንሺ ነኝ። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ሥራዬ ሲኒየር ፒክቸር፣ ማለትም ሃይስኩል ሊጨርሱ የደረሱ የ12ኛ ክፍል ልጆች ፎቶ ነው፤ አብዛኛው ደንበኛዬም ሐበሻ። ለይርቡክ፣ ለትምህርት ቤቱ የዓመቱ የፎቶ መጽሐፍ፣ የሚሆነውን ትምህርት ቤቱ የተዋዋለው ስቱዲዮ ያነሳል፤ ሱፍ አልብሶ፣ መጋረጃ ፊት አስቀምጦ። እኔ ጋ የሚመጡት ስፖርተኞቹ ናቸው። በማልያቸው፣ በሜዳቸው ላይ ይነሳሉ። ያ ፎቶ ነው የምረቃ ካርድ ላይ የሚታተመው፣ አዲስ አበባ ላሉ አያቶች የሚላከው።

እና በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 5:15 ብዬ ስቀጥራችሁ ለጌጥ አይደለም። በኦክቶበር አጋማሽ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው 6:30 አካባቢ ነው። የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ናት የእኛ እንጀራ። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል፤ የልጁን ጠይም ፊት ያፈካዋል። እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ከአናት ወርዶ ዓይኑ ሥር ጥላ ይጥላል፣ ነጭ ማልያውም ነጥቶ ይጠፋል። ከመሸ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የሚሮጥ ልጅ እግሩን አየር ላይ ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት ካሜራዬ በ1/1000 ሰከንድ ያህል መክፈትና መዝጋት አለበት። ይህ ብርሃን ይፈልጋል። ፍጥነቱን ብቀንስ ልጁ ይደበዝዛል፤ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ብጨምር ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

«ፍላሽ የለህም እንዴ?» አሉኝ አንድ አባት። አለኝ ጋሼ። 400 ሜትር ትራክ የሚያበራ ግን የለኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ ደወልኩ። እናት «ደርሰናል!» አሉ። የሐበሻ «ደርሰናል» ማለት ጫማ እየተፈለገ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «ቤልትዌዩ ተዘጋግቶ» መጣ፤ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና ማለታቸው ነው። ከዚያ ደግሞ «ለቅሶ ደርሰን እኮ ነው»። ለቅሶ ከተባለ ምን ይባላል? አፌን ያዝኩ። 50 ደቂቃ አርፍደው ሲመጡ ልጁ ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ ወረደ። አገር አቋራጭ የሚሮጥ ልጅ ነው። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓቱን በሰከንድ ያውቃታል።

የገረመኝ አባትየው ናቸው። ትራኩ ላይ ቆመው የሲድኒ ኦሎምፒክን ይተርኩልኛል፤ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር በ0.09 ሰከንድ እንዴት እንደቀደመው። በመቶኛ ሰከንድ! አሁን ይሄን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ?

በቀረችን ብርሃን ልሥራ ስል ደግሞ ሻንጣ ተከፈተ። የሐበሻ ልብስ ይልበስ። ከእህቶቹ ጋር ይነሳ። ባንዲራውን ይያዝ። እንደ ኃይሌ እጁን ያንሳ። ልጁ የፈለገው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበር፤ ኩርባው ላይ እየሮጠ። ተራው ሲደርስ ፀሐይዋ ዛፉ ጀርባ ገብታለች። ማታ አምጥተው «ለምን ደበዘዘ?» አሉኝ።

ስለ ዋጋ አላወራም። «ለወገን እንዲህ ይባላል?» ለምጄዋለሁ። «ያነሳኸውን ሁሉ ጥሬውን ላክልኝ» የሚለውንም። ገና ያልተከፈለበትን ናሙና ከነስሜ ማኅተም ስክሪንሾት አድርጎ ፌስቡክ ላይ መለጠፉን ግን ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው።

አሁን ስሙኝ። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓት ይቀየራል፤ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ 5 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ቀጠሮ 3:45 ነው። ልምምድ አለበት ካላችሁ አሰልጣኙን አስፈቅዱ። መጀመሪያ ልጁ የፈለገውን አነሳለሁ፤ ሻንጣው መኪና ውስጥ ይቆይ። ግማሽ ሰዓት ያረፈደ ቀብዱ አይመለስም። ለቅሶም ቢሆን።

እሺ፣ ለቅሶ ከሆነ እንነጋገራለን።