እርማት፦ የጢያ ትክል ድንጋዮች በግራኝ ዘመን የቆሙ አይደሉም

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ስለምትገኘው ስለ ጢያ ጉብኝትዎ የጻፉትን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ትክል ድንጋዮቹን ኢማም አህመድ (ግራኝ) በዘመቻው ወቅት አቁሟቸዋል ያሉት መታረም ይገባዋል። «የግራኝ ድንጋይ» የሚለው ስያሜ በአካባቢው የተለመደ በመሆኑ ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ኢማሙ ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ያደረገው በ1529 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በስፍራው የተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ግን ድንጋዮቹ ከዚያ አስቀድሞ የቆሙ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከሥራቸውም እግራቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሰዎች አፅም ተገኝቷል። ለአፈ ታሪኩ መነሻ የሆነው፣ እንደ እኔ ግምት፣ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት የሰይፍ ምስሎች ናቸው። ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጸ ምስል አላቸው፤ ከሰይፎቹ ጎን ግን ክቦችና ቅርንጫፍ መሰል ምልክቶች ይታያሉ፤ የእነዚህ ትርጉም እስካሁን አልተፈታም።