ውዳሴ መዶሻ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ቡሎኑ ግን አልወጣም። ዳዶው፣ ካቻቪቴው፣ ፒንሳውና ጎሚስታው ከነስማቸው ቀርተው ዛሬም ከካራ ቆሬ እስከ ዓለም ገና ባለው መንገድ ዳር ተሰልፈው ይጠብቁናል። አርበኞቻችን አምስት ዓመት የታገሉትን ጠላት ቅሪት እኛ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በመዶሻ ልንጨርሰው የምንነሣው ከዚህ ቁጭት የተነሣ መሆን አለበት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

የምኖረው ከካራ ቆሬ ገባ ብሎ፣ አስፋልቱ ደክሞት ሥራውን ለጭቃ ከሚያስረክብበት ሰፈር ነው። መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንደ እርሷ ያሉ አሮጊቶች ክብራቸው ጨምሯል። «ሽጥልኝ» የሚለኝ አይጠፋም፤ «ፍሬኗ ይይዛል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አልመጣም። ትክክልም ነው። ፍሬን በእኛ ዘንድ ቦሎ ሲደርስ ብቻ የሚነሣ ጉዳይ ነው። አሥራ ሁለቱን ወር ስታፏጭ ሰምተን እንዳልሰማን እናልፍና በአሥራ ሦስተኛው እንደነግጣለን።

ደንግጬ ከሰፈራችን መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። የፊት ግራ ጎማዋ ሲወልቅ የአምስት ክረምት መረሬ ጭቃ ደርቆ እንደ ምርጊት ተለጥፎበታል። ከምርጊቱ ሥር ካሊፐሩን፣ ማለትም የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን አካል፣ የያዙት ሁለት ቡሎኖች አሉ፤ በቀለም ከጭቃው፣ በግትርነት ከባለቤቱ የማይለዩ። መካኒኩ የ17 ቁልፉን አስገብቶ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገና ቀና አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር በሰላም አይፈታም።»

በሰላም የሚፈታበት መንገድ እንዳለ አልክድም። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ በቡሎኑ ጥርስና በቀዳዳው መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባል። ስለዚህ በባዕድ አገር ያሉ ታካቾች ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ይጠርጉና ሰርጎ የሚገባ ዘይት ይረጩበታል፤ ከዚያም ይተኛሉ። አዎን፣ ይተኛሉ! ጠዋት ተነሥተው ራሱን በቀስታ ቆርቆር ያደርጉታል፣ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ገፋ፣ ጥቂት ወደ መፍቻው ሳብ፣ እንደገና ዘይት። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው የታወቀው ርጭት እንኳን በስሙ የተሸከመው 40 የሙከራው ቁጥር ነው። በፈረንጆቹ 1953 አሜሪካ ውስጥ የሠሩት ሰዎች ውሃን ከብረት የሚያርቅ ፈሳሽ ፍለጋ ሲቀምሙ የተሳካላቸው በ40ኛው ነበር። 40 ጊዜ! በ40 ሙከራ የእኛ መካኒክ መኪናዋን ቆራርጦ ለቁራሌው አስረክቦ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ለምሳ በተቀመጠ ነበር።

በእኛ ሰፈር ሙከራ አንድ ነው። መዶሻ ይባላል። መዶሻ መመሪያ አይጠይቅም፣ መለዋወጫ አይፈልግም፣ ከየትኛውም የመኪና ዓይነት ጋር ይስማማል። ከሁሉ በላይ ድምፅ አለው፤ ዘይት ሲሰርግ ማን ይሰማል? ደንበኛ ገንዘቡን የሚከፍለው ለሰማው ሥራ ነው። እኔ ራሴ አንድ መካኒክ ቡሎን ላይ ዘይት ረጭቶ «ነገ ይምጡ» ብሎኝ «ይሄ ሰውዬ አይችልበትም» ብዬ መኪናዬን ይዤ ወጥቼ አውቃለሁ። ብልህነቴን ሳስታውስ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

መዶሻው ሦስት ጊዜ እንደ ጮኸ ሸንጎው ተሰበሰበ። አንድ መኪና ተፈታ ከተባለ ከየት እንደሚፈልቅ የማይታወቅ ሕዝብ አለን። ከጎሚስታው ሁለት፣ ከብሎኬት ማምረቻው አራት፣ ባጃጁን መሐል መንገድ አቁሞ የወረደ አንድ፣ እንዲሁም መኪና ኖሮት የማያውቅ ነገር ግን ስለ መኪና ሁሉን የሚያውቅ ጡረተኛ ጎረቤቴ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶች አንድ ቡሎን ለሃምሳ ሰው ምን እንደሚሆን ሳይነግሩን ነው ያለፉት። ነገሩን ለትውልድ ለማስተማር ሳይሆን አይቀርም፣ የብሎኬት ማምረቻው ልጆች አንድ ሜትር የውሃ ቱቦ ይዘው መጡ።

ስለ ቱቦ ጥቂት ማለት አለብኝ። ያ ቡሎን ከፋብሪካ ሲወጣ የተጠበቀው በ100 ኒውተን ሜትር አካባቢ የማዞሪያ ኃይል ነው። ቁልፉ ጫፍ ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ተሰክቶ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲንጠለጠልበት ወደ 700 ይደርሳል። ሦስት ሰው ሲንጠለጠል ከ2000 ያልፋል። ሒሳቡን ለሸንጎው ብነግራቸው አራተኛው ሰው ቦታ የለኝም ብሎ ማዘኑ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ቁልፉም ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ነበር። ስድስት ማዕዘን ያለውን የቡሎን ራስ በጠፍጣፋ ጎኑ የሚያቅፈው ባለ ስድስቱ ነው፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ጥጉን ብቻ ይዞ ሲዞር ይሞልጨዋል። የሞለጨ ቡሎን ግን ክብ ነው፣ ክብ ደግሞ ፍጹም ቅርጽ ነው፤ መካኒኩ ወደ ፍጽምና እየሄደ ነበር።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በለው!» ይላል ጡረተኛው ከፊት ቆሞ። ልክ ነው፤ ቡሎን ወደ ግራ ይፈታል። ችግሩ የካሊፐሩ ቡሎን የገባው ከውስጥ በኩል ወደ ውጭ መሆኑ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ሦስት ጎልማሶች፣ አንድ ሜትር ቱቦና አንድ የጡረተኛ ድምፅ ተባብረው ዝጎ የጠበቀውን ቡሎን ለሩብ ሰዓት ያህል አጠበቁት። ሲያጠብቁት ያየሁት አንድነት፣ መግባባትና የሥራ ፍቅር በየትኛውም የቀበሌ ስብሰባ ላይ አይቼው አላውቅም።

ከዳር ቡና የሚያፈሉት እናት ሲኒ እያለቀለቁ «ልጆቼ፣ ዘይት አጠጥታችሁ ለምን አታሳድሩትም? ባቄላ እንኳን ተዘፍዝፎ ያድራል» አሉ። ሸንጎው በጨዋነት ሳቀ። ሴት ስለ ቡሎን ምን ታውቃለች! ባጃጅ ነጂው ለማጽናናት ያህል አንድ ቡና አዘዘ።

ምክራቸው ግን በከንቱ አልቀረም። መካኒኩ «እሺ፣ ዘይት ይሁን» አለና ረዳቱን ላከው። ልጁ ከአሮጌ ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን አመጣ። ቡሎኑ ከኋላ፣ ዲስኩና የፍሬን ሸራው ከፊት ናቸው፤ ልጁ የቆመው ከፊት ነው። ሸራው ዘይቱን እንደ ጾመኛ ሰው ጠጣው። ቡሎኑ ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፣ ቢሆንም ዘይት ተደርጓል፤ ማንም አልተደረገም ሊል አይችልም።

ዘይቱ እንዲሠራ ሙሉ ሁለት ደቂቃ ተሰጠው። በዚህ የዕረፍት ጊዜ ሸንጎው ወደ ኋላ ጎማ ተዛወረ። እዚያ ያለው ዲስክ ሳይሆን ታምቡር ነው፣ እርሱም አልወጣ ብሏል። መዶሻው እንደገና ነገሠ። የቶዮታ ታምቡር ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በሁለቱም አስገብተው ተራ በተራ ቢያጠብቋቸው ታምቡሩን ራሳቸው ገፍተው ያወጡታል። ጃፓኖቹ ይህን ያደረጉት መዶሻ በመናቅ ሳይሆን ስለ እኛ ባለመስማታቸው ይመስለኛል። መካኒኩ ስለ ቀዳዳዎቹ ሲጠየቅ «ለአየር ነው» አለ። ጡረተኛው «ለአየር ነው፣ እንዳይታፈን» ብሎ አጸናለት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከተቀጠቀጠ በኋላ ያ ረዳት ልጅ፣ ወደ መኪናዋ ውስጥ አንገቱን አስግጎ አየና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑ እኮ እንደ ተሳበ ነው» አለኝ። ልጁ ወደፊት ብዙ መከራ ይጠብቀዋል። የእጅ ፍሬን ተስቦ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ አንቆ ይዞ ሳለ በመዶሻ መታገል ወንዶች የሚከባበሩበት ሥራ ነው፤ እጁን ሰዶ ማውረድ ግን የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም። አውርጄው ታምቡሩ በመጠነኛ ግፊት ሲወጣ ሸንጎው ውስጥ ግልጽ ቅሬታ አየሁ። አንዱ «ቀድሞም ላልቶ ነበር» አለ።

ወደ ፊት ተመለስን። አሁን አቅጣጫው ተስተካክሏል፤ ማን እንዳስተካከለው አላየሁም፣ ምናልባት በስሕተት ይሆናል። ቱቦው ተሰካ፣ ሦስቱ ተንጠለጠሉ፣ ብሎኬት ሠራተኛው «በል እንግዲህ!» አለ፣ ከዚያም ቀጭ!

«ተፈታ!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። ጭብጨባ ሁሉ ነበር። የሚፈታ ቡሎንና የሚሰበር ቡሎን የመጀመሪያ ድምፃቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ቁልፉ ሲነሣ ራሱን ይዞ ሲመጣ ነው። ግማሹ ቁልፉ ውስጥ፣ ግማሹ ካሊፐሩን ከሚሸከመው ብረት ውስጥ። መካኒኩ ሁለቱንም ተራ በተራ አየና በሙሉ እምነት «በውስጡ ተበልቶ ነበር» አለ። በላተኛው ምን ጊዜም ሌላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ካሊፐሩ ከቦታው ተላቆ በፍሬን ዘይቱ የጎማ ቱቦ ላይ ብቻ እንደ ሥጋ ቤት ጭን ተንጠልጥሎ ከሰዓት ዋለ፤ በሽቦ ማሰር የሚባል ነገር አለ፣ ሽቦው ግን አጥር ላይ ነበር። የብየዳ ሠራተኛ ተጠራ። ቡሎኑን ያቀፈውን ብረት ማሞቅ በመሠረቱ መልካም መድኃኒት ነው፤ ብረቱ ሰፋ ሲል የዝገቱ ትብትብ ይፈታል። የእኛው ጀግና ግን ነበልባሉን ከጎማ ቱቦው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሲያበራ ጡረተኛው ሲጋራውን ሊለኩስበት ጠጋ አለ። ቱቦው ተርፏል ብለውኛል። የተሰበረው ጉቶ ተበስቶ ወጣ፣ ቀዳዳው አዲስ ጥርስ ተቆረጠለት፣ በቦታውም የመጣው ቡሎን ከየት እንደሆነ ብጠይቅ «ጠንካራ ነው፣ ከበር የወጣ ነው» ተባልኩ። ጥርሱን ጠርጎ ግራሶ መቀባት፣ በመለኪያ ቁልፍ ማጥበቅ የሚባለውን አላነሣሁም። እስኪያቃስት ድረስ በዚያው የውሃ ቱቦ ጠበቀ። ለሚቀጥለው ቦሎም ሥራ ተቀመጠ።

ማታ ወደ ቤቴ ስነዳት የሰማሁትን ልመስክር፤ ፉጨቷ ፈጽሞ ጠፍቷል። ዘይት የጠጣው ሸራዋ አያፏጭም። አያቆምምም። በራችን ጋር ያቆመችኝ የጎረቤቴ የአሸዋ ክምር ናት።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ዳር የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ቪትዝ በክሪክ ተነሥታለች፣ ሸንጎው ሞልቷል፣ አንድ የማላውቀው ልጅ ከሥር ገብቶ ዘይት የያዘ ትንሽ ጣሳ እየረጨ «እስከ ነገ ልተወው» ይላል። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ አጣፋሁና ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

«ተው አንተ ልጅ፣ ቱቦ የላችሁም እንዴ?»